ከሆስፒታል ከወጡ በኋላስ?

(የእድሩ ኮሚቴ ለጠቅላላ ስብሰባ ያቀረበው ንግግር)



ዛሬ የምናነሳው ጉዳይ የመዋጮ አይደለም። ሰው ታሞ ሕይወቱ ከተረፈ በኋላ ተመልሶ በእግሩ እንዲቆም የሚረዳውን ባለሙያ እንዴት እናገኛለን? የሚለው ነው።

እንደምታውቁት ከጎረቤቶቻችን አንድ አባት ስትሮክ መትቷቸው ግራ ጎናቸው አልታዘዝ አላቸው። ሆስፒታል ገብተው ነፍሳቸው ተረፈች። እኛም ብርቱካንና ሙዝ ይዘን ጠየቅናቸው፤ «እግዜር ይማርዎ» ብለን ወጣን። ወደ ቤት ሲመለሱ መድኃኒት እንጂ የፊዚዮቴራፒ ወረቀት አልተጻፈላቸውም፤ እኛም አልጠየቅንም። «እረፍት ያስፈልጋቸዋል» እያልን አራት ወር አስተኛናቸው። ባለሙያ ዘንድ ሲቀርቡ ትከሻቸው ደርቆ፣ ጣቶቻቸው ተጨብጠው ነበር። ዛሬ በከዘራ እስከ በር ይወጣሉ፤ ቤተ ክርስቲያን መሳለም ግን ናፍቋቸው ቀርቷል። እንግዲህ እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ የጥፋቱ ድርሻ የእኛም ነው።

ለመሆኑ ይህ ሐኪም ማነው? የአካል ተሃድሶ ሐኪም ይባላል። በስትሮክ፣ በአከርካሪ ጉዳት፣ በስብራት ወይም በእግር መቆረጥ ምክንያት የደከመውን ሰው መርምሮ፣ የቀረውን አቅም ለይቶ፣ የሌሎቹን ባለሙያዎች ሥራ የሚያስተባብር ነው። ዘርፉ በአሜሪካ ራሱን የቻለ የስፔሻሊስት ሙያ ሆኖ የታወቀው በ1947 እ.ኤ.አ. ነው። በአገራችን ግን እንዲህ ያሉ ሐኪሞች በጣም ጥቂት ናቸው። ስለሆነም ሐኪሙ እስኪገኝ ብለን በሽተኛውን አስተኝተን መጠበቅ የለብንም።

አብዛኛውን ሥራ የሚሠራልን ፊዚዮቴራፒስት ነው። እንደ ጥቁር አንበሳ ባሉ ትልልቅ ሆስፒታሎች የፊዚዮቴራፒ ክፍል አለ። በ1958 ዓ.ም. ለሥጋ ደዌ ሕክምና የተቋቋመው አለርትም ከጥንቱ በአካል ተሃድሶ የታወቀ ነው። አጥንትን የሚመለከተው የአጥንት ሐኪም፣ ስትሮክን የሚመለከተው የነርቭ ሐኪም ወደ ፊዚዮቴራፒ ሊልኩ ይችላሉ። የጤና መድን ያለው ሰው ከጤና ጣቢያው ጀምሮ ሪፈር ማጻፍ አለበት፤ አለዚያ ወጪው ከኪሱ ሊሆን ይችላል።

በሽተኛ ከሆስፒታል ሲወጣ አስታማሚው ሦስት ነገር ሳይጠይቅ ከበር እንዳይወጣ አደራ እንላለን፦

1ኛ. ፊዚዮቴራፒ ያስፈልገዋል ወይ? መቼ ይጀምር?
2ኛ. የት እንሂድ? ወረቀቱ አሁኑኑ ይጻፍልን።
3ኛ. ቤት ውስጥ ምን እናድርግ፣ ምንስ አናድርግ?

ከስትሮክ በኋላ መሻሻሉ ፈጠን የሚለው በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ነው። ከዚያም በኋላ ቢሆን ተስፋ አይቆረጥም፤ ጊዜው ግን በከንቱ ሲያልፍ ያሳዝናል። መገላበጥ የማይችለውን ሰው በየሁለት ሰዓቱ ጎኑን እንለውጥለት፤ አለዚያ ጀርባውና ዳሌው ይቆስላል። ስናነሳው የደከመውን እጅ ይዘን አንጎትት፤ ትከሻው ይጎዳል። ምግብ ስናጎርሰው ቀና ብሎ ይቀመጥ፤ ተኝቶ የዋጠው ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላል።

ስለ ወጌሻም አንድ ቃል እንበል። የአያት የቅድመ አያት ሙያ መሆኑን አንክድም። ነገር ግን ስብራት ላይ ጠብቆ የታሰረ ቀርከሃ ደም አግዶ እግር ያስቆረጠበት ጊዜ አለ። ጣቱ ከጠቆረ፣ ከቀዘቀዘ ወይም ከደነዘዘ «ነገ ይሻለዋል» አይባልም፤ እስሩ ተፈትቶ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ነው።

ተሃድሶ የችሮታ ጉዳይም አይደለም። አገራችን በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነት በአንቀጽ 26 ስለዚሁ ይናገራል። ስለዚህ ወረቀቱን ስንጠይቅ አንፈር።

በመጨረሻም አንድ ሐሳብ እናቀርባለን። በእድራችን ዕቃ ቤት ድንኳን አለ፣ አግዳሚ ወንበር አለ፣ ድስትና ብረት ምጣድ አለ። አንድ ክራንች ግን የለም። ሰው ሲሞት በአንድ ጥሩምባ እንሰበሰባለን፤ ቆሞ እንዲሄድ ሲታገል ግን ቤተሰቡ ብቻውን ነው። ይህ ልክ ነው እንዴ? ስለዚህ ከእድሩ ገንዘብ አንድ ተሽከርካሪ ወንበርና ሁለት ጥንድ ክራንች ተገዝተው በውሰት እንዲሰጡ፣ ፊዚዮቴራፒ ለታዘዘለት አባልም የታክሲ ድጎማ እንዲደረግለት፣ ወጣቶችም በተራ እንዲያደርሱ ጉባኤው እንዲወስን እንጠይቃለን።

እኚያ አባታችን ዛሬም እዚያው ቤታቸው ናቸው። ውሳኔው ከጸደቀ በወንበሩ መጀመሪያ ቤተ ክርስቲያን የምናደርሰው እሳቸውን ነው።