እሪ ስትል የሚሰማት ማን ነው?

(በቆቦ በተካሄደው የማኅበራችን የኅዳር ወር ጠቅላላ ስብሰባ ላይ ከሂሳብ ክፍል የቀረበ ንግግር)



ከሂሳብ ክፍል የምትጠብቁት የቁጠባና የብድር ሪፖርት እንደሆነ እናውቃለን። ሪፖርቱ ተባዝቶ በእጃችሁ ገብቷል፤ ጥያቄ ካላችሁ ከሰዓት በኋላ እንመልሳለን። ዛሬ ግን ኅዳር 16 ነው። በዓለም ዙሪያ በሴቶች ላይ የሚደርስ ጥቃት የሚወገዝበት፣ በአገራችንም ነጭ ሪባን የሚታሰርበት ዕለት ነው። ስለዚህ ሊቀመንበራችን ሴቶች ራሳቸውን ከጥቃት ስለሚጠብቁበት መንገድ እንድንናገር ጠየቁን። አንዲት እናታችን ይህን ሲሰሙ፣ «እናንተ ሂሳብ እንጂ ትግል ምን ታውቃላችሁ?» ብለው ስቀውብናል። እውነታቸውን ነው፤ ካራቴ አናውቅም። ነገር ግን የማኅበሩን መዝገብ የምናገላብጠው እኛ ነን። እዚያ መዝገብ ውስጥ ያየነው ነገር ስላለ ነው እሺ ያልነው።

መጀመሪያ ያለንበትን ወቅት እናስብ። በቆላው ማሽላ ከሰው ቁመት በላይ ቆሟል። በማሳው መካከል በምታልፈው ቀጭን መንገድ ሁለት ሰዎች ክንድ ለክንድ እስኪደርሱ ድረስ አይተያዩም። ወፍ የምትጠብቅ ልጅ ማማ ላይ ብቻዋን ትውላለች። ሙቀቱ ስለሚከብድ ውኃ የምንቀዳው፣ ገበያ የምንወጣው ጎህ ሲቀድ ነው፤ የምንመለሰውም ዓይን ለዓይን መያዝ ሲጀምር ነው። እንጀራ የሚሆነን ማሽላ ለክፉ ሰው መደበቂያም ይሆናል። ይህን ሁላችንም ከልጅነታችን ጀምሮ እናውቀዋለን።

ሆኖም አደጋው ከማሳው ውስጥ ብቻ አይመጣም። በ2016 እ.ኤ.አ. በመላ አገሪቱ የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ሴቶች 23 በመቶ የሚሆኑት አካላዊ ጥቃት፣ 10 በመቶ የሚሆኑት ደግሞ ወሲባዊ ጥቃት ደርሶባቸው እንደሚያውቅ አሳይቷል። ካገቡት መካከል በብዛት የተጠቀሰው አጥቂ ባል ነው። ጥቃት ከደረሰባቸው ሴቶች ሦስት እጁ ሁለቱ እርዳታ አልጠየቁም፣ ለማንም አልተናገሩም። እኛ ሂሳብ ሠራተኞች ያልተመዘገበ ወጪ ምን ያህል ቤት እንደሚያፈርስ እናውቃለን። ያልተነገረ ጥቃትም እንዲሁ ነው።

አሁን ወደ መዝገባችን እንምጣ። ያለፈውን ዓመት ሂሳብ ስንዘጋ አንድ የቆየ ብድር ላይ ቆም አልን። ምክንያቱ «ለልጅ ሰርግ» ይላል። በጊዜው ተከፍሏል፣ ቅጣት የለበትም፣ ዋስ አልተጠራም። በሂሳብ ዓይን እንከን የለበትም። ማመልከቻውን ስናነብ ግን ነገሩ ትዝ አለን። ልጅቱ ከትምህርት ቤት ስትመለስ የተጠለፈች ናት። ያኔ 16 ዓመቷ ነበር። ሽማግሌ ተላከ፤ «የሆነው ሆኗል፣ ስሟም ጠፍቷል፣ ይሁን» ተባለ፤ ድግስ ተደገሰ። የድግሱን በግና እህል የገዛው እዚህ ቁጭ ብለን ሳንቲም በሳንቲም ያጠራቀምነው ገንዘብ ነው። ብድሩን ያጸደቁት ሦስት ፊርማዎች የሴቶች ፊርማ ናቸው፤ አንዱ የእኛው የሂሳብ ክፍል ነው። ያን ቀን «ልጅቱስ ምን ትላለች?» ብለን አልጠየቅንም። የጠየቅነው «ዋሱ ማን ነው?» ብለን ነው።

ልጅቱ ዛሬ ልጅ ይዛ ወደ እናቷ ቤት ተመልሳለች። በቅርቡ አባል ልትሆን መጥታ ቅጹን የሞላንላት እኛ ነን። ይህን እንድንናገር ፈቅዳልናለች፤ ስሟንና ቀበሌዋን አንጠቅስም። ስለዚያ ቀን ስንጠይቃት እንዲህ አለችን፦ «እሪ ብዬ ነበር። ሰዎችም ሰምተው መጡ። ‹ጠለፋ ነው› ብለው ግን ተመለሱ።»

እህቶቻችን፣ ከዚህ በኋላ «ሴት ልጅ ራሷን ትጠብቅ» ብለን ብቻ ዝም ማለት አንችልም። ይህች ልጅ ማድረግ ያለባትን አድርጋለች። የጎደለው የሰማው ሰው ነው።

ሕጉ ከእኛ ቀድሞ ሄዷል። በ1949 ዓ.ም. በወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው ልጅቱን ካገባ ክሱ ይቀር ነበር። ይህን በአገር ደረጃ ካነጋገሩት ጉዳዮች አንዱ የአበራሽ በቀለ ነው። በ1996 እ.ኤ.አ. አርሲ ውስጥ የ14 ዓመት ተማሪ ሳለች በፈረስ የመጡ ወንዶች ጠለፏት፤ ተደፈረች። በማግስቱ የጠላፊውን ጠመንጃ ይዛ አመለጠች፤ ሲያሳድዳትም ተኩሳ ገደለችው። በነፍስ ግድያ ተከሰሰች። የኢትዮጵያ ሴት ሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ያለ ክፍያ ቆመላት፤ ፍርድ ቤቱም ራሷን ተከላክላለች ብሎ በነጻ አሰናበታት። «ድፍረት» የተባለው ፊልም መነሻው ይህ ታሪክ ነው።

በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 587 ጠለፋን ከ3 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀጣል ይላል። አስገድዶ መድፈር ከተጨመረበት የዚያም ቅጣት አለ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ጋብቻው ጠላፊውን ከወንጀል ተጠያቂነት አያድነውም። በክልላችን የቤተሰብ ሕግም ጋብቻ የሚፈቀደው ከ18 ዓመት ጀምሮ ነው። ስለዚህ እኛ ያበደርንለት ሰርግ በሕጉ ዓይን ሰርግ አልነበረም።

ሽማግሌዎቻችንን አንንቅም። በራያ ምድር ዘወልድ ተቀምጦ ስንት ደም አድርቋል፤ ስንት ቤተሰብ ከበቀል አትርፏል። የልጅ ገላ ግን የሁለት ቤተሰብ ሂሳብ ማቻቻያ መሆን የለበትም። ይህን ለአባቶቻችን በአክብሮት፣ ግን ሳንፈራ መናገር የእኛ የእናቶችና የእህቶች ድርሻ ነው።

ሕጉ ለምትከላከል ሴትም ይቆማል። አንቀጽ 78 ሕገ ወጥ ጥቃት ሲመጣ ወይም ሊመጣ ሲል፣ በሌላ መንገድ ማምለጥ ካልተቻለና መከላከያው ከጥቃቱ ጋር የሚመጣጠን ከሆነ አያስቀጣም ይላል። በድንጋጤና በፍርሃት ከመጠን ቢያልፍ እንኳ ፍርድ ቤቱ ቅጣቱን ሊተወው እንደሚችል አንቀጽ 79 ይናገራል። ይህን የምንነግራችሁ ጠመንጃ አንሡ ለማለት አይደለም። አበራሽ እስከ ጠመንጃው የደረሰችው ከዚያ በፊት የደረሰላት ሰው ስላልነበረ ነው። የእኛ ልጆች እስከዚያ ብቻቸውን እንዳይሄዱ ነው የምንፈልገው።

ታዲያ ምን እናድርግ? በተግባር የሚሠሩትን ጥቂት ነገሮች እንንገራችሁ።

ከአደጋው በፊት፦ በምትጠራጠሩበት መንገድ ለሁለት፣ ለሦስት እንሂድ። መውጫና መመለሻ ሰዓታችንን ለአንድ ሰው እንንገር። የሳምንቱን ቁጠባ ወደ ባንክ የምንወስደው እኛ ስለሆንን ይህን ከራሳችን ተምረናል። ድሮ አንዲት ሴት ብቻዋን፣ ሁልጊዜ በአንድ ሰዓት፣ በአንድ መንገድ ትሄድ ነበር። አንድ ቀን ሁለት ወጣቶች እስከ ባንኩ ደጃፍ ከተከተሏት በኋላ ሁለት ሆነን፣ ሰዓቱንም መንገዱንም እየቀያየርን መሄድ ጀመርን። ለብር ይህን ካደረግን ለልጆቻችን እንዴት አናደርግም? ነጠላችን ወይም ሻርፓችን አንገት ላይ ከመቋጠር ቢጎተት ተንሸራቶ እንዲወጣ ሆኖ ቢለበስ ይሻላል። እንደዚሁም ሆዳችን «ይህ ሰው ደስ አላለኝም» ሲለን ለጨዋነት ብለን አንቀመጥ፤ እንነሣ።

በአደጋው ጊዜ፦ ዓላማችን ማምለጥ ነው፤ ማሸነፍ አይደለም። እንስራውም ጄሪካኑም ቅርጫቱም ይጣል። ድምፅ ይቅደም። «ሴት ልጅ ድምጿን ከፍ አታደርግም» ተብለን ስላደግን ጩኸት ከጉሮሯችን አይወጣም፤ ስለዚህ እንለማመደው። «እሪ» እንበል፣ «የሰው ያለህ» እንበል፣ «ሌባ» ብንልም ሰው ይሮጣል። እጃችን ከተያዘ ዝም ብሎ ወደ ኋላ መጎተት አያዋጣም። የያዘን እጅ የሚላላው አውራ ጣቱ ከሌሎቹ ጣቶች ጋር በሚገናኝበት በኩል ነው፤ በዚያ በኩል ክንዳችንን በፍጥነት ጠምዝዘን እናስለቅቅ። ጉልበት ባይኖረን ዓይን፣ አፍንጫ፣ ጉሮሮ፣ ብልት፣ ጉልበት ለሁሉም ሰው ስስ ቦታዎች ናቸው። አንዴ መትተን ሰው ወዳለበት እንሩጥ።

ይህ ወሬ ብቻ አይደለም። በካናዳ ሦስት ዩኒቨርሲቲዎች 893 ተማሪዎች የተሳተፉበትና በ2015 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት አለ። አደጋን ቀድሞ መለየትን፣ እምቢ ማለትንና መከላከልን ለ12 ሰዓት ከተማሩት መካከል በአንድ ዓመት ውስጥ የተደፈሩት 5.2 በመቶ ሲሆኑ፣ ሥልጠናውን ካላገኙት መካከል 9.8 በመቶ ነበሩ። 12 ሰዓት ማለት ለእኛ ስድስት የቁጠባ ስብሰባ ነው።

አንድ ነገር ግን በግልጽ እንበል። ያልጮኸች፣ ያልታገለች፣ በድንጋጤ የደነዘዘች ሴት ጥፋተኛ አይደለችም። በጦርነቱ ጊዜ ያየነውን አንረሳም። በ2014 ዓ.ም. 16 የንፋስ መውጫ ሴቶች የደረሰባቸውን መደፈር ለአምነስቲ ኢንተርናሽናል ሲናገሩ ዓለም ሰማ። መሣሪያ በያዘ ሰው ፊት በሕይወት የተረፈች ሴት ራሷን ተከላክላለች። ከዚያ በኋላ አፏን ከፍታ የተናገረችም ሁለተኛ ጊዜ ተከላክላለች።

ከአደጋው በኋላ፦ በ72 ሰዓት ውስጥ፣ ቢቻል በዚያው ቀን፣ ወደ ሆስፒታል ወይም ጤና ጣቢያ እንሂድ። ኤች አይ ቪን የሚከላከለው መድኃኒት መጀመር ያለበት በዚህ ጊዜ ውስጥ ነው፤ እርግዝናን የሚከላከለውም ቶሎ ሲወሰድ ይበልጥ ይሠራል። ከመመርመር በፊት ገላ አንታጠብ፤ ልብሱን ሳናጥብ በወረቀት ከረጢት እንያዝ፣ በፌስታል አይሁን። የሐኪም ማስረጃ እንጠይቅ። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ቦታውን፣ የተባለውን ቃል እንጻፍ። መንገድ ተዘግቶ ወይም ቢሮ አልሠራ ብሎ ክሱ ቢዘገይ እንኳ የተጻፈ ነገር ይቆያል። ማስረጃ የሌለው ሂሳብ እንደማይጸድቅ እኛ እናውቃለን።

በመጨረሻ ለዚህ ጉባኤ አራት ሐሳብ እናቀርባለን። አንደኛ፣ ከ18 ዓመት በታች ላለች ልጅ ወይም ከጠለፋ በኋላ ለሚደረግ ሰርግ ማኅበራችን አያበድርም፤ የሰርግ ብድር ሲጠየቅ ልጅቱን ራሷን ለብቻዋ እናነጋግራለን። ሁለተኛ፣ ከአደጋ ጊዜ መዋጯችን ለመጓጓዣና ለሕክምና የሚሆን ገንዘብ ተለይቶ ይቀመጥ፤ ጥቃት የደረሰባት ሴት በዚያው ሰዓት፣ ያለ ዋስና ያለ ወለድ ታግኘው። ሦስተኛ፣ በየቡድኑ ሁለት ሁለት ሴቶች ወደ ሆስፒታልና ወደ ፖሊስ አብረው የሚሄዱ ይመደቡ። አራተኛ፣ ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ ከእያንዳንዱ የቁጠባ ስብሰባ በፊት ከልጆቻችን ጋር የመከላከል ልምምድ እናድርግ፤ የሚያሠለጥን ሰው በማፈላለግ ወዳጆቻችን እንዲረዱን እንለምናለን።

ነሐሴ ሲደርስ ልጆቻችን ሶለል ይጫወታሉ። በቡድን ሆነው፣ ከበሮ ይዘው፣ ከደጅ ደጅ ሲዞሩ ማንም አይነካቸውም። ጉልበት ስላላቸው አይደለም፤ ብዙ ስለሆኑና አገሩ ሁሉ ድምፃቸውን ስለሚሰማ ነው። ያን ጥበቃ ለነሐሴ ብቻ ለምን እናደርገዋለን? ዛሬ ከዚህ ስንወጣ ለራሳችን አንድ ቃል እንግባ፦ ከማሽላው ውስጥም ሆነ ከጎረቤት ቤት እሪታ ስንሰማ «ጠለፋ ነው»፣ «የባልና ሚስት ነገር ነው» ብለን አንመለስ። እንሩጥ።

ያቺ እህታችን ዛሬ እዚሁ አዳራሽ ውስጥ ከእኛ ጋር ተቀምጣለች። ያን ጊዜ ሳንጠይቃት ስለፈረምን ይቅርታ እንጠይቃታለን።