በወርኃ ክረምት ስለሚደርስ የመውደቅ አደጋ

የሐምሌ ዝናብ ከጫማ ጋር ገብቶ የቦሌን ሕንፃዎች የሴራሚክ ወለል ባረጠበው ጊዜ፣ አዳልጦት የሚወድቅ ሰው እጁን አስቀድሞ ስለሚዘረጋ፣ ብዙ ጊዜ የሚሰበረው የእጁ አንጓ ነው። ያበጠውን እጅ ሳያሹ፣ በካርቶን ደግፎና በነጠላ አንገት ላይ አንጠልጥሎ፣ ራጅ ወደሚነሣበት ሐኪም ቤት ማድረስ ይገባል፤ ወጌሻ አጥብቆ ያሰረው ቀርከሃ ደም አግዶ እጅን እስከ ማስቈረጥ ሊያደርስ ስለሚችል፣ ጣቱ ከቀዘቀዘ ወይም ከደነዘዘ እስራቱ ያለ መዘግየት ይፈታ። አወዳደቁ በሌላ ሰው ጥፋት የደረሰ ከሆነ፣ ካሣን በሚመለከት፣ በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ በጥፋቱ ሌላውን የጎዳ ሁሉ እንዲክስ በአንቀጽ 2028 ይደነግጋል፤ ተጎጂውም የሕክምና ማስረጃውን፣ ደረሰኙንና ምስክሮቹን አሰናድቶ፣ ጉዳቱ ከደረሰበት ጊዜ አንሥቶ በ2 ዓመት ውስጥ ክስ ካላቀረበ መብቱ በይርጋ ይታገዳል።