ጋቢው በምን ስም ይፈለጋል?

ለቤተ መጻሕፍትና ለመረጃ ባለሙያዎች የቀረበ ንግግር



በሽሮ ሜዳ ገበያ ጋቢ የሚገዛ ሰው የጋቢን ስም መጥራት እንኳ አያስፈልገውም። ከሱቁ ደጅ የተሰቀለውን ያያል፤ በእጁ ዳስሶ የጥጡን ልስላሴ ይፈትናል፤ ጥለቱን ገልብጦ ይመረምራል፤ ከዚያም በዋጋው ይከራከራል። «ያንን ነጩን አውርድልኝ» ካለ ይበቃዋል። ያው ጋቢ በኢንተርኔት ሱቅ ላይ ሲቀርብ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ገዥው ዕቃውን ከማየቱ በፊት ስሙን መጻፍ ግድ ይሆንበታል። የጻፈው ስምና ሻጩ ያስመዘገበው ስም ካልተገናኙ፣ ሸማኔው ስንት ቀን በመወርወሪያ ሲደክምበት የሰነበተው ጨርቅ ለዚያ ገዥ በዓለም ላይ እንደሌለ ይቆጠራል።

የዚህ ንግግር ርእስም በእጅ የተሠሩ ዕቃዎች በኢንተርኔት ሲሸጡ ለመፈለጊያ የሚሆኑ ቃላት እንዴት እንደሚመረጡ ነው። ጉዳዩ የነጋዴ እንጂ የካታሎግ ሠሪ አይደለም የሚል አይጠፋም። ይሁን እንጂ ሻጩ ዛሬ በስልኩ ላይ አጎንብሶ የሚሠራው ሥራ፣ የዚህ ሙያ ሰዎች በካርድ መሳቢያ ፊት ቆመው ከመቶ ዓመት በላይ የደከሙበት ሥራ ነው፤ ልዩነቱ ሻጩን ያስተማረው ሰው አለመኖሩ ብቻ ነው።

ለምሳሌ የሚሆነው ኤትሲ የተባለው ገበያ ነው። ይህ ገበያ እ.ኤ.አ. በ2005 ዓ.ም. በኒው ዮርክ ከተማ በብሩክሊን የተቋቋመ ሲሆን፣ በእጅ ለተሠሩና ለቆዩ ዕቃዎች መሸጫ ተብሎ የተከፈተ ነው። ሻጩ ለእያንዳንዱ ዕቃ ርእስና መግለጫ ይጽፋል፤ ዕቃው የሚገባበትን ክፍል፣ ቀለሙንና የመሳሰለውን ከተዘጋጀ ዝርዝር ይመርጣል፤ ከዚህም ሌላ ታግ የሚባሉ 13 የመፈለጊያ ቃላትን ወይም ሐረጎችን እንዲያስመዘግብ ይፈቀድለታል። እያንዳንዱ ታግ በቃላት መካከል ያለው ባዶ ቦታ ጭምር ተቆጥሮ ከ20 ፊደል መብለጥ አይችልም። ገዥው አንድ ሐረግ ሲጽፍ መፈለጊያው በመጀመሪያ ከሐረጉ ጋር የሚስማሙትን ዕቃዎች ይሰበስባል፤ ቀጥሎም የትኛው ይቅደም የሚለውን ይወስናል። ታጉ በይበልጥ የሚያገለግለው በመጀመሪያው ደረጃ ነው። በሁለተኛው ደረጃ የገዥዎች አድራጎት ይገባበታል፤ ዕቃውን አይተው ከፍተውታል ወይስ አልፈውታል፣ ከፍተውስ ገዝተዋል ወይስ ተመልሰዋል የሚለው ይመዘናል።

እንግዲህ በዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ የምትኖር አንዲት ሴት፣ ከአገር ቤት የመጣላትን ጋቢ በዚህ ገበያ ለመሸጥ ተነሣች እንበል። የመጀመሪያው ሐሳቧ «ጋቢ» ብሎ መጻፍ ነው። ስሙ ትክክለኛ ነው፤ ባለ አራት ድርቡን የጥጥ ልብስ ከነጠላና ከቡሉኮ የሚለየው ሌላ ስም የለም። ነገር ግን ቃሉ በላቲን ፊደል ሲጻፍ ብቻውን አይቀርም። «ጋቢ» በጀርመን አገር ጋብሪዬለ የተባለች ሴት የቁልምጫ ስም ነው፤ በፊሊፒንስ ደግሞ እንደ ጎደሬ ያለ የሥራሥር ምግብ ነው። ይህን ቃል ብቻውን የጻፈ ሰው በስም የተቀረጸ የአንገት ሐብል ቢቀርብለት ሊደነቅ አይገባውም። ስለዚህ ቃሉ አጃቢ ያስፈልገዋል፤ «ኢትዮጵያዊ» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል ከፊቱ ቢያስቀድሙለት 14 ፊደል ይሆናል፤ ቦታም ይተርፋል። «በእጅ የተሸመነ» የሚለው ይጨመርበት ቢባል ግን 24 ይደርስና ገበያው አይቀበለውም። በዚህ ጊዜ ሐረጉን ለሁለት መክፈል እንጂ ፊደል መቁረጥ አይበጅም። በሌላ በኩል «የኢትዮጵያ የቡና ማንቆርቆሪያ» የሚለው የእንግሊዝኛ ሐረግ ልክ 20 ፊደል ነው። ጀበና የሚሸጥ ሰው ይህን ያህል ዕድል ደርሶታል።

የአጻጻፍ ነገር እዚህ ላይ ሊታለፍ አይገባውም። የላቲን ፊደል ለ«ጠ» የሚሆን የራሱ ምልክት የለውም፤ ግዕዝና ራብዕንም በግልጽ አይለይም። የአሜሪካ የኮንግሬስ ቤተ መጻሕፍት የሚሠራበት የፊደል መለወጫ ሠንጠረዥ ለግዕዙ «ኧ» የ«ኤ»ን ሳይሆን የ«ኣ»ን ፊደል ስለሚሰጥ፣ «ነጠላ» በዚያ ደንብ ተጽፎ ነቁጡና ሰረዙ ሲወርድለት «ናታላ» የሚል ይመስላል። በገበያ ላይ ያለው ሻጭ ግን አብዛኛውን ጊዜ «ኔቴላ» በሚመስል አጻጻፍ ይጽፈዋል፤ የትግርኛ ተናጋሪው ደግሞ «ነጸላ» ስለሚል ሌላ ፊደል ያስገባበታል። መሶብም አንዱ በአንድ «ስ»፣ ሌላው በሁለት «ስ» የሚጽፈው ሆኗል። የቤተ መጻሕፍት ሰው ትክክለኛውን አጻጻፍ ቢወድ አይፈረድበትም፤ በገበያ ግን ትክክለኛው አጻጻፍ ማንም የማይጽፈው ሊሆን ይችላል። ኤትሲ የእንግሊዝኛን ብዙ ቁጥርና የተለመዱ የፊደል ግድፈቶችን ራሱ ስለሚያስተካክል፣ በእነዚህ ላይ ታግ ማባከን አይገባም። ለአማርኛ ቃላት ግን ይህን አገልግሎት መጠበቅ አያስተማምንም። ስለዚህ ዋነኛውን አጻጻፍ በርእሱ ላይ፣ ሁለተኛውን በታግ ማስቀመጥ ብልህነት ነው፤ ከሁለት ከበለጠ ግን 13ቱ ቦታዎች በአንድ ስም ተውጠው ያልቃሉ።

ከላይ የተባለው ሁሉ የጋቢን ስም ለሚያውቅ ገዥ ነው። የማያውቀውስ?

አሜሪካዊው ቻርልስ አሚ ካተር እ.ኤ.አ. በ1876 ዓ.ም. ባወጣው የካታሎግ ደንብ፣ አንድ መጽሐፍ ከሁሉ ይልቅ ለርእሰ ጉዳዩ ቅርብ በሆነው ስም ሥር እንዲገባ አዟል። ስለ ድመት የተጻፈ መጽሐፍ በ«ድመት» ሥር እንጂ በ«እንስሳት» ሥር አይፈለግም። ይኸው ደንብ ለካታሎግ ሠሪው ከሚመቸው ይልቅ ለአንባቢው የሚመቸው እንዲመረጥም ያስገድዳል። ሁለቱ ትእዛዞች የሚጋጩበት ጊዜ አለ። ቅርብ የሆነው ስም «መሶብ» ነው፤ አንባቢው የሚያውቀው ግን «ቅርጫት» የሚለውን ነው። ካታሎግ ሠሪዎች ይህን ችግር የፈቱት ከታወቀው ስም ወደ ትክክለኛው የሚመራ «ተመልከት» የሚል ካርድ በማስገባት ነው። በኢንተርኔት ሱቅ ውስጥ ግን ሻጩ የ«ተመልከት» ካርድ የሚያስገባበት መሳቢያ አልተሰጠውም። 13ቱ ታጎች ርእሱንም መምሪያውንም ባንድነት መሸከም አለባቸው።

ስለዚህ ጥሩ ሻጭ ታጎቹን የሚከፋፍለው በፈላጊዎቹ ዓይነት ነው። አንዱ ፈላጊ በናፍቆት የሚመጣ ነው፤ ስሙን ያውቃል፤ ምናልባትም በልጅነቱ የተጠቀለለበት ጋቢ ትዝ ይለዋል። ሌላው ለሶፋው የጥጥ ልብስ የሚፈልግ የባዕድ አገር ሰው ነው፤ «የጥጥ ብርድ ልብስ»፣ «በእጅ የተሸመነ ብርድ ልብስ» ብሎ ይጽፋል። ሦስተኛው ዕቃውን ሳይሆን ጉዳዩን የሚፈልግ ነው፤ የሠርግ ስጦታ፣ አዲስ ቤት ለገባ ሰው የሚሆን፣ ለአራስ የሚበረከት እያለ ይጠይቃል። ብዙ ሻጮች የሚረሱት ይህን ሦስተኛውን ነው። ለአራስ ጥየቃ ምን እንደሚወሰድ አበሻ ለሆነ ሰው መንገር ስለማያስፈልግ፣ በታግም መጻፍ እንደሚያስፈልግ አይታወሳቸውም። «በእጅ የተሠራ» የሚለው ቃል ብቻውን ሲቀመጥ ግን ብዙ አይፈይድም፤ ሁሉም በእጅ ተሠራ በሚባልበት ገበያ ይህ ቃል አንዱን ከሌላው አይለይም። «ስጦታ» የሚለውም ያለ አጃቢ እንዲሁ ነው። ዕቃው የገባበትን ክፍልና ከዝርዝሩ የተመረጠውን ቀለም በታግ መድገምም ትርፍ የለውም፤ መፈለጊያው እነዚያንም ያነባቸዋልና።

መሶብ የሚሸጥ ሰው ሌላም ሀብት አለው፤ እርሱም የአሠራሩ ቃል ነው። በስንደዶና በአክርማ፣ በወስፌ እየተወጋ፣ ዙር በዙር ላይ እየተደረበ የሚሠራው ስፌት በእንግሊዝኛ «የተጠማዘዘ ቅርጫት» የሚል ትርጉም ያለው የታወቀ ስም አለው። ይህን ቃል የሚጽፉት የቅርጫት ሰብሳቢዎችና ራሳቸውም የሚሰፉ ሰዎች ናቸው። ቁጥራቸው ጥቂት ነው፤ ነገር ግን የሰፊዋን ድካም የሚያውቁና ከፍ ያለ ዋጋ ለመክፈል የማያመነቱ እነርሱ ናቸው። ሺህ ሰው ከሚያልፍበት አውራ ጎዳና ይልቅ አሥር ፈላጊ የሚመጣበት ጠባብ መንገድ ለእጅ ሥራ የሚሻልበት ጊዜ ብዙ ነው።

አሁን ከባዱ ነገር ይቀራል። ነጠላን «ስካርፍ» ብሎ በታግ ማስመዝገብ ነውር የለበትም። ስሙን ከርእሱም ከመግለጫውም አውጥቶ «ስካርፍ» ብቻ አድርጎ መሸጥ ግን ገዥውን ያለ ስም ይሰደዋል፤ ያ ገዥ ወዳጁ «ይህ ምንድን ነው?» ብሎ ቢጠይቀው የሚመልሰው የለውም፤ ወዳጁም ፈልጎ አያገኘውም። የስም ዋጋ በገንዘብ ሊተመን እንደሚችል ኢትዮጵያ በቡናዋ አይታዋለች። ሲዳሞ፣ ሐረርና ይርጋ ጨፌ የሚሉት ስሞች በአሜሪካ የንግድ ምልክት ሆነው እንዲመዘገቡ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2005 ዓ.ም. አመልክቶ ከብዙ ክርክር በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2007 ዓ.ም. ከስታርባክስ ኩባንያ ጋር ስለ ስሞቹ አጠቃቀም ስምምነት ላይ ተደርሷል።

ስም የሚያመጣውን ገዥ አይቶ የማይገባውን ስም የሚለጥፍም አለ። የናቫሆ ሕዝብ አስተዳደር ኧርባን አውትፊተርስ የተባለውን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2012 ዓ.ም. የከሰሰው፣ በፋብሪካ የተሠሩ ልብሶችና ዕቃዎች በ«ናቫሆ» ስም ስለተሸጡ ነው። ጉዳዩ እ.ኤ.አ. በ2016 ዓ.ም. በስምምነት አልቋል። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1990 ዓ.ም. የወጣው የአገሬው ተወላጆች የእደ ጥበብ ሕግ፣ ተወላጆች ያልሠሩትን ዕቃ የእነርሱ ሥራ አስመስሎ መሸጥን ይከለክላል። ለዶርዜ ሸማኔ እንዲህ ያለ ሕግ በባሕር ማዶ ገበያ አይቆምለትም። ጥለቱ በፋብሪካ የታተመበት ጨርቅ «በእጅ የተሸመነ» የሚል ታግ ቢለጠፍበት፣ ከእውነተኛው ጋር በአንድ መደዳ ይሰለፋል፤ ዋጋውም ስለሚያንስ ገዥውን ይወስዳል። ኤትሲ እ.ኤ.አ. በ2024 ዓ.ም. ሻጮች ዕቃው በራሳቸው የተሠራ፣ የተነደፈ ወይም ተመርጦ የቀረበ መሆኑን እንዲለዩ የሚያደርግ ደንብ አውጥቷል። ጥረቱ ይመሰገናል፤ ሆኖም ከሩቅ የጥለትን ጀርባ ገልብጦ የሚያይ ተቆጣጣሪ የለም።

የሐሰት ታግ በመጨረሻ ሻጩን ራሱን ይጎዳል የሚለው ምክር በከፊል እውነት ነው። የማይፈልገውን ዕቃ የከፈተ ገዥ ሳይገዛ ሲመለስ፣ መፈለጊያው ይህን ቆጥሮ ዕቃውን ወደ ኋላ ሊያወርደው ይችላል። ድረ ገጾች በገጻቸው ውስጥ ተደብቆ በሚቀመጥ የቁልፍ ቃላት ዝርዝር ያልሆኑትን ሲሉ በመኖራቸው፣ ጎግል ያንን ዝርዝር ለደረጃ አሰጣጥ እንደማይጠቀምበት እ.ኤ.አ. በ2009 ዓ.ም. አስታውቋል። በሐሰት የተሞላ መዝገብ ለእውነተኞቹም አላገለገለም።

በአገር ውስጥ ሽያጩ በብዛት በቴሌግራምና በፌስቡክ ስለሆነ ችግሩ መልኩን ይለውጣል። በዚያ ፈላጊው በፊደሉ ይጽፋል። ነገር ግን «ሐበሻ» በ«ሐ»፣ «ሀበሻ» በ«ሀ»፣ «ሃበሻ» በራብዑ «ሃ» ለጆሮ አንድ ሲሆኑ ለኮምፒዩተር ሦስት ናቸው፤ የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዓ.ም. ወደ ዩኒኮድ ሲገባ እያንዳንዱ ፊደል የየራሱን ቁጥር አግኝቷልና። ሐርን በ«ሀ» የጻፈ ሻጭ በ«ሐ» ለጻፈ ገዥ የማይታይበት ጊዜ አለ። በሃሽታግ የሚጠቀምም ቢሆን ባዶ ቦታ ቃሉን ስለሚቆርጠው «የሐበሻ ቀሚስ» የሚለውን በሥር ሰረዝ ካላያያዘ «የሐበሻ» የሚለው ብቻ ይመዘገብለታል። ሞክሼ ፊደላትን አንድ አድርጎ የሚፈልግ መሣሪያ መሥራት ለባለሙያ ከባድ አይደለም፤ ደንቡ በአንድ ገጽ ይጻፋል። እስከዚያ ድረስ ሻጩ «ሐበሻ»ንም «ሀበሻ»ንም በአንድ ማስታወቂያ ግርጌ ጎን ለጎን ቢጽፍ፣ ሰዋስው አያውቅም ተብሎ ሊታማ አይገባውም። የካታሎግ ሠሪውን «ተመልከት» በእጁ እየጻፈ ነው።