የምጥ ክትትልና ያለ በቂ ምክንያት የሚደረግ ኦፕራሲዮን በሸዋ ሮቢትና በይፋት ቆላ



ከጣርማ በር ቁልቁል ወርዶ ሸዋ ሮቢት ለሚደርስ የጤና ባለሙያ በቅድሚያ የሚያሳስበው የኦፕራሲዮን እጦት እንጂ መብዛቱ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት፣ በኦፕራሲዮን የተወለዱ ሕፃናት በመላ ኢትዮጵያ ከመቶ 2 ገደማ ሲሆኑ፣ በአዲስ አበባ ግን ከመቶ 21 ነበሩ። የቆላዪቱ እናት ልጁ መውጫ አጥቶ ምጡ ሲረዝምባት የሚደርስላት ሐኪም ካጣች፣ ራሷ ወይም ልጇ ይሞታሉ፤ ብትተርፍም ፊስቱላ ያሠጋታል። ስለዚህ «ኦፕራሲዮን ይቀነስ» የሚለው ቃል በይፋት በጅምላ ሊነገር አይገባውም።

ይሁን እንጂ ሐኪሙና መሣሪያው በተገኙበት ሌላ አደጋ ይከተላል። የማኅፀኗ በር ገና 3 ወይም 4 ሳንቲ ሜትር የተከፈተላት እናት፣ እርሷም ጽንሱም ደኅና ሳሉ፣ «ምጧ አልገፋም» ተብላ ኦፕራሲዮን ልትደረግ ትችላለች። ፊልፖትና ካስል በዛሬዪቱ ዚምባብዌ እ.ኤ.አ. በ1972 ያሳተሙት ፓርቶግራፍ በሰዓት 1 ሳንቲ ሜትር የሚለውን የማስጠንቀቂያ መስመር ያሠመረው፣ ከከተማ የራቁ አዋላጆች እናቲቱን በጊዜ ወደ ሆስፒታል እንዲልኩ ነው። ውሳኔ የሚጠይቀው መስመር ከዚያ 4 ሰዓት ዘግይቶ ይመጣል። የመጀመሪያውን መስመር ማለፍ ብቻውን የኦፕራሲዮን ትእዛዝ ሆኖ አያውቅም።

የዓለም የጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው መመሪያ፣ የፈጣኑን ምጥ መነሻ ወደ 5 ሳንቲ ሜትር አንሥቶታል፤ የ1 ሳንቲ ሜትሩ ፍጥነት ለብዙ እናቶች የማይመጥን መሆኑንም ገልጿል። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው አዲሱ የምጥ መከታተያ ቅጽ በ5 ሳንቲ ሜትር ላይ እስከ 6 ሰዓት፣ በ9 ላይ ግን 2 ሰዓት ብቻ ይፈቅዳል።

ይህ ትዕግሥት በሥራ የተሞላ ነው። የጽንሱ ልብ ቢበዛ በየ30 ደቂቃው ይደመጣል፤ የማኅፀኑ በር በየ4 ሰዓቱ ይመረመራል፤ እናቲቱ ትጠጣለች፣ ትንቀሳቀሳለች፣ የምታምነው ሰው ከጎኗ ይሆናል። አንዲት አዋላጅ ነርስ ሌሊቱን ብቻዋን ብዙ ምጥ እንድትጠብቅ ከተተወች መመሪያው ወረቀት ሆኖ ይቀራል።

ጉዳዩ በይፋት የሚከብደው በሚቀጥለው እርግዝና ነው። ጠባሳ ያለበት ማኅፀን በምጥ ጊዜ ሊቀደድ፣ የእንግዴ ልጁም በጠባሳው ላይ ሊጣበቅ ይችላል። አዲስ አበባ ያለችው እናት ሆስፒታል ቅርቧ ነው፤ የቆላዪቱ እናት ምጧ ክረምት ወንዝ በሞላበት ሌሊት ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ በቂ ምክንያት ኖሮ ኦፕራሲዮን የተደረገላት ሁሉ ከሆስፒታል ስትወጣ ምክንያቱና የጠባሳው ዓይነት በካርድ ተጽፎ ይሰጣት፤ የሚቀጥለው ምጥ ሳይጀምራት ሆስፒታል አጠገብ መሰንበት እንዳለባትም ለእርሷም ለባሏም ይነገር።