ሻጩም መንግሥት፣ ሚዛን ያዡም መንግሥት፤ ገዢው ለማን አቤት ይበል?



ስለ አክሲዮን ገበያ ሕግና ሥነ ምግባር እንድናገር ስትጋብዙኝ «ይሄ የባለ ሀብቶች ጉዳይ አይደለም እንዴ?» ያለኝ ሰው አልጠፋም። አይደለም! ከጥቅምት 6 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ የጀበና ቡና የምትሸጠውም፣ የቀበሌ ዘበኛውም፣ ጡረተኛውም ጉዳይ ሆኗል። በዚያ ቀን ኢትዮ ቴሌኮም ከድርሻው 10 በመቶውን፣ ማለትም 100 ሚሊዮን አክሲዮን፣ ለሕዝብ መሸጥ ጀመረ። የአንዱ ዋጋ 300 ብር፣ ትንሹ ግዢ 33 አክሲዮን፣ ማለትም 9,900 ብር ነበር። 9,900 ብር ለአንዳንዱ የአንድ ማታ መዝናኛ ነው። ለአብዛኛው ሰው ግን የዓመት ዕቁብ ነው።

ውጤቱን ታውቁታላችሁ። ታኅሣሥ 25 ይዘጋል የተባለው ሽያጭ እስከ የካቲት 7 ተራዘመ። ተራዝሞም የተሸጠው 10.7 ሚሊዮን አክሲዮን ብቻ ነው። 30 ቢሊዮን ብር ተጠብቆ 3.2 ቢሊዮን ተገኘ። የገዙት 47,377 ሰዎች ናቸው። አንዳንዶች «ሕዝቡ ስለ አክሲዮን ስላልገባው ነው» አሉ። እኔ ደግሞ ሕዝቡ አንድ ነገር በደንብ ስለገባው ነው እላለሁ። እስቲ ምኑ እንደገባው አብረን እንይ።

በመጀመሪያ ሕጉን እንመልከት። የካፒታል ገበያ አዋጅ ቁጥር 1248/2013 መጥፎ ሕግ አይደለም። በውስጥ አዋቂ ምስጢር መነገድን ይከለክላል። ሐሰተኛ መግለጫ ማውጣትንና ዋጋ ማጭበርበርን ይከለክላል። ተቆጣጣሪ ባለሥልጣን አቋቁሟል። አቤቱታ የሚሰማ አስተዳደራዊ የዳኝነት አካልና ለተጎዱ ገዢዎች የካሣ ፈንድ እንዲኖርም ደንግጓል። ወረቀቱ ላይ ያልጎደለ ነገር የለም ማለት ይቻላል። የጎደለው ሌላ ነው።

ተቆጣጣሪው ባለሥልጣን ተጠሪነቱ ለጠቅላይ ሚኒስትሩ ነው። ሻጩ ኩባንያ የመንግሥት ነው፤ ያለውም በኢትዮጵያ ኢንቨስትመንት ሆልዲንግስ ሥር ነው። የሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያውም ቢሆን መንግሥት እስከ 25 በመቶ እንዲይዝ በሕግ የተፈቀደበት ነው። ሽያጩ የተካሄደው በቴሌብር ነው፤ ቴሌብር ደግሞ የራሱ የሻጩ ነው። ሻጩም እሱ፣ ሱቁም የእሱ፣ ሚዛን ያዡም የእሱ ቤተሰብ!

በዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። የተቆጣጣሪው ባለሥልጣን የመጀመሪያ ዋና ዳይሬክተር፣ ሽያጩ በተጀመረበት በዚያው እ.ኤ.አ. በ2024፣ የኢንቨስትመንት ሆልዲንግሱ ዋና ሥራ አስፈጻሚ ሆነው ተሾሙ። ሰውዬው ጥፋት ሠሩ ማለቴ አይደለም፤ እንዲህ የሚል ማስረጃም የለኝም። የሚከለክል ሕግ ጣሱም አላልኩም። ጥያቄዬ ለእሳቸው ሳይሆን ለሹመቱ አሠራር ነው። ትናንት ተቆጣጣሪ የነበረ ሰው ዛሬ የሻጩ አለቃ ሲሆን፣ በመካከል የሚቆይበት ጊዜ አለ ወይ? በሌሎች አገሮች ይህን የማቆያ ጊዜ በሕግ ይወስኑታል። ሕግ የሚፈቅደው ሁሉ ጨዋነት አይደለም። ዳኛ ንጹሕ መሆኑ ብቻ አይበቃም፤ ንጹሕ መስሎም መታየት አለበት።

«ተጠራጣሪ ሆንክ» ትሉኝ ይሆናል። ታዲያ ከእኛ ጋር ፈጽሞ ያልተያያዘ አንድ የሩቅ ታሪክ ልንገራችሁ፤ የማነሳው የተቆጣጣሪን ሥራ ለማሳየት ብቻ ነው። አሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1934 ጀምሮ የአክሲዮን ገበያ ተቆጣጣሪ ኮሚሽን አላት። በርናርድ ማዶፍ የሚባል፣ በአንድ ወቅት የናዝዳቅ ገበያ ሊቀመንበር የነበረ ሰው፣ ከአዲስ ገቢዎች እየወሰደ ለቀድሞዎቹ «ትርፍ» ይከፍል ነበር። ሃሪ ማርኮፖሎስ የተባለ የሒሳብ ሰው ከ2000 ጀምሮ ደጋግሞ ለኮሚሽኑ አመለከተ። በ2005 «የዓለም ትልቁ ፈንድ ማጭበርበሪያ ነው» ብሎ በዝርዝር ጻፈ። ሰሚ አላገኘም። ማዶፍ የተያዘው ታኅሣሥ 2008 የዓለም ገንዘብ ሲናጋ፣ ከፋዩ ሁሉ ገንዘቡን በጠየቀ ጊዜ ነው። ለደንበኞቹ በወረቀት ያሳያቸው የነበረው ሀብት ወደ 65 ቢሊዮን ዶላር ይጠጋ ነበር። 150 ዓመት ተፈረደበት፤ በ2021 እስር ቤት ሞተ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው! እዚያ ነጻ ጋዜጣ፣ ነጻ ፍርድ ቤት፣ የሚጠይቅ ምክር ቤት እያለ እንዲህ ከሆነ፣ ጠያቂው በቀጠነበት አገር ምን ሊሆን ነው?

ወደ ቤታችን እንመለስ። አንዲት ጎረቤቴ «ጋሼ፣ ልግዛ ወይስ ይቅርብኝ?» ብላ ጠየቀችኝ። ግዢም አትግዢም አላልኳት። ሦስት ጥያቄ ነው የሰጠኋት።

አንደኛ፣ ገንዘቡ በቸገረሽ ቀን ለማን ትሸጪዋለሽ? ሽያጩ በጥቅምት ሲጀመር ገበያው ገና አልተከፈተም ነበር፤ በይፋ የተከፈተው ጥር 2 ቀን 2017 ነው። መሸጫ ሳይኖር የተገዛ አክሲዮን ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ነው።

ሁለተኛ፣ በስብሰባው ላይ ድምፅሽ ስንት ነው? 47,377ቱ ሰዎች ተደምረው የያዙት ከኩባንያው አንድ በመቶ ገደማ ነው። 99 በመቶው የመንግሥት ነው። መንግሥት ነገ ታሪፉን ለፖለቲካ ብሎ ዝቅ ቢያደርግ፣ ወይም ትርፉን ለሌላ ነገር እፈልገዋለሁ ቢል፣ ጥቂቶቹን ማን ይጠብቃቸዋል?

ሦስተኛ፣ ዋጋው እንዴት 300 ሆነ? በወረቀቱ ላይ የተጻፈው የአንዱ አክሲዮን ዋጋ 100 ብር ነው። ከዚያ በላይ መሸጥ በራሱ ወንጀል አይደለም፤ ኩባንያው የሚያወጣ ከሆነ ያወጣል። ግን ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብር በገበያ ዋጋ እንዲወሰን ከተለቀቀ በኋላ፣ የዶላር ዕዳ ያለበት ኩባንያ ሁሉ ሸክሙ ከብዷል። ይህን የማስላት አቅም ለጎረቤቴ ማን ሰጣት? መግለጫው መውጣቱ ሕግን ያሟላል። ሥነ ምግባርን የሚያሟላው ግን የቡና ሻጯ አንብባ ስትረዳው ነው።

ወገኖቼ፣ እኔ የአክሲዮን ገበያ ጠላት አይደለሁም። ይህች ከተማ ከ1966 አብዮት በፊትም አክሲዮን ትሸጥና ትገዛ ነበር፤ አብዮቱ ነው የዘጋው። ከዚያ ወዲህ ደግሞ «በምሥረታ ላይ ያለ» እየተባለ በየጋዜጣው ማስታወቂያ ገንዘብ የተሰበሰበበትን ዘመን አይተናል፤ ገንዘቡንም ምሥረታውንም ያላዩ ብዙዎች ናቸው። ለዚህ ነው ተቆጣጣሪ ያስፈለገው፤ ለዚህ ነው ጥርስ እንዲኖረው የምፈልገው።

ስለዚህ የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ተቆጣጣሪው ባለሥልጣን ተጠሪነቱ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ይሁን። ከተቆጣጣሪነት ወደ ሻጭነት ለሚሄድ ሹም የማቆያ ጊዜ በሕግ ይወሰን። መንግሥት ሻጭ ሲሆን ዋጋው የተሰላበት ሒሳብ ሰው በሚገባው ቋንቋ በአንድ ገጽ ይውጣ። የጥቂት ባለ አክሲዮኖች ወኪል በቦርዱ ይግባ፤ የሚመርጡትም ራሳቸው ይሁኑ።

ይህ ከተደረገ ሕዝቡ ራሱ ተሰልፎ ይገዛል። ካልተደረገ ግን ያልተሸጡት 89 ሚሊዮን አክሲዮኖች መልሱን ሰጥተዋል። ገዢው ዝም ብሎ አልቀረም፤ ኪሱን ዘግቶ ተናግሯል። ሰሚ ጆሮ ያለው ይስማ!