የእጅ ባትሪና የባትሪ ድንጋይ አመራረጥ

(በቃሊቲ ማረሚያ ቤት ፊደል ለቆጠሩ ገበሬዎች የተዘጋጀ ንግግር)

ዛሬ የምንነጋገረው ስለ መብራት ነው። እዚህ ቃሊቲ መብራቱን የሚያበራውም የሚያጠፋውም ሌላ ሰው ነው። ጊዜያችሁን ጨርሳችሁ ወደ ቀያችሁ ስትመለሱ ግን ለቤታችሁ መብራት የምትመርጡት እናንተ ናችሁ። ከመካከላችሁ ብዙዎች የሚመለሱት የኤሌክትሪክ ምሰሶ ወዳልደረሰበት መንደር ነው። በኪሳችሁ የሚኖረውም ገንዘብ ጥቂት ነው። ስለዚህ ሱቅ ደጃፍ ከመቆማችሁ በፊት ጥሩውን ባትሪ ከመጥፎው እንዴት እንደምትለዩ አብረን እንመልከት።

ከቃሊቲ ብዙም ሳይርቅ፣ በአቃቂ ወንዝ ላይ፣ አባ ሳሙኤል የሚባል ግድብ አለ። የአገራችን የመጀመሪያው የውኃ ኃይል ማመንጫ እሱ ነው። ለብዙ ዓመታት ሥራ አቁሞ ከቆየ በኋላ በ2009 ዓ.ም. ታድሶ እንደገና ተነሣ። በዓባይ ላይ የተሠራው ታላቁ የህዳሴ ግድብም በጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። ይሁን እንጂ ግድብ መሥራት አንድ ነገር ነው፤ ከግድቡ እስከ ገበሬው ጎጆ ሽቦ መዘርጋት ደግሞ ሌላ ነገር ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የመንግሥት ዕቅድ ራሱ፣ ከ100 ሰው 35ቱ መብራት የሚያገኘው ከዋናው መስመር ሳይሆን ከፀሐይና ፀሐይን ከመሰለ ምንጭ እንዲሆን አስቦ ነበር። ሽቦው እስኪመጣ ሌሊቱ አይጠብቅም። ጅብ በረት የሚዞረው ሌሊት ነው። ምጥም በሌሊት ይመጣል። ኩራዝ ደግሞ ጭሱ ዐይንና ሳንባ ይጎዳል፤ ከተገለበጠም ጎጆ ያቃጥላል።

፩. አምፖሉ

የድሮው የእጅ ባትሪ አምፖል ውስጡ ቀጭን ሽቦ ነበረው። የሚያበራው ሽቦው ሲግል ነው። ከሚበላው ኃይል ብርሃን የሚሆነው ከ100 እጅ 5 እጅ ያህሉ ብቻ ነው። የቀረው ሙቀት ሆኖ ይባክናል። ሙሉ ማሳ ዘርቶ አንድ ጥግ ብቻ እንደ ማጨድ ነው።

አሁን ገበያውን የያዘው ኤል ኢ ዲ የሚባለው አምፖል ነው። ሽቦ የለውም። መስተዋቱ ውስጥ ስታዩት የምስር ክክ የምታህል ቢጫ ነገር ናት። በአንድ ዓይነት ድንጋይ ከድሮው ብዙ እጥፍ ያበራል፤ ቢወድቅም የሚበጠስ ሽቦ የለበትም። ነጩን ብርሃን ማግኘት የተቻለው ሰማያዊ ብርሃን የሚሰጠው ኤል ኢ ዲ ከተሠራ ወዲህ ነው። እሱን የሠሩት ሦስት የጃፓን ተወላጆች ኢሳሙ አካሳኪ፣ ሂሮሺ አማኖና ሹጂ ናካሙራ በ2007 ዓ.ም. የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። ሸላሚዎቹም ይህ ሥራ የኤሌክትሪክ መስመር ላልደረሰው ሕዝብ እንደሚበጅ ገልጸው ነበር።

፪. የብርሃኑ መጠን

እህል በኪሎ፣ ዘይት በሊትር ይለካል። ብርሃን የሚለካው ሉመን በሚባል መለኪያ ነው። አንድ ሻማ 12 ሉመን ያህል ይሰጣል። ለቤት ውስጥ ሥራ 50 ሉመን ብዙ ነው። ሌሊት መንገድ ለመሄድ 100 ይበቃል። በረት ለመቃኘትና አውሬ ለማባረር 200 ወይም 300 ቢሆን መልካም ነው።

ሻጩ «ይህ 1000 ሉመን ነው» ቢላችሁ አትቸኩሉ። ብርሃን በዛ ማለት ድንጋይ ቶሎ አለቀ ማለት ነው። የሚሻለው ብርሃኑ በ2 ወይም በ3 ደረጃ ከፍና ዝቅ የሚል ባትሪ ነው። ለቤት በዝቅተኛው ታበራላችሁ፤ ለጅብ ጊዜ ከፍ ታደርጋላችሁ። ስትገዙ ጨለማ ወዳለበት ጥግ ግቡና ግድግዳው ላይ አብሩት። ማብሪያውን ደጋግማችሁ ሞክሩ። ክዳኑን ፈታችሁ ዝናብ የማያስገባው የላስቲክ ቀለበት መኖሩን እዩ።

፫. ድንጋዩ

ድንጋይ ሁለት ዓይነት ነው፤ አንዱ ሲያልቅ የሚጣል፣ ሌላው ቻርጅ የሚደረግ። በመጀመሪያ ሲታይ የሚጣለው ይረክሳል። ግን እናስላ። በሳምንት 2 ድንጋይ የሚጨርስ ቤት በዓመት 104 ድንጋይ ይገዛል። በሰፈራችሁ ገበያ የ104 ድንጋይ ዋጋ ስንት ነው? ጥሩ ቻርጅ የሚደረግ ድንጋይ ግን በመቶዎች ለሚቆጠር ጊዜ ይሞላል።

ቻርጅ ከሚደረጉት ውስጥ ሦስቱን እንወቅ። የመጀመሪያው የኒኬል ነው። መልኩ እንደ ተራው ትንሽ ድንጋይ ነው። ተራው 1.5 ቮልት ሲሆን እሱ 1.2 ቮልት ነው፤ አብዛኛው የእጅ ባትሪ ግን በሁለቱም ይሠራል። ሁለተኛው የሊቲየም ነው። ብዙ ኃይል ይይዛል፤ 3.7 ቮልት ስለሆነ በተራ ድንጋይ ቦታ አይገባም። ሦስተኛው በባትሪው ሆድ ውስጥ ተገጥሞ የሚመጣው የእርሳስ ነው። ባዶውን ወራት ከተቀመጠ ይሞታል፤ ስለዚህ ባትጠቀሙበትም በየወሩ ሙሉት።

ቤቱ መብራት ለሌለው ሰው የሚቀለው የስልክ ቻርጀር የሚገባበት ቀዳዳ ያለው፣ ድንጋዩም የሚወጣና የሚቀየር የሊቲየም ባትሪ ነው። ስልክ በሚሞላበት ሁሉ፣ በከተማም ሆነ በትንሽ የፀሐይ ሰሌዳ፣ እሱም ይሞላል። በፀሐይ ስትሞሉ ሰሌዳው ፀሐይ ላይ፣ ባትሪው ጥላ ውስጥ ይሁን።

፬. የውሸት ቁጥር

ድንጋይ ላይ የሚጻፈው ትልቁ ቁጥር የሚይዘውን ኃይል ይናገራል። መለኪያው ሚሊአምፔር ሰዓት ይባላል። እንስራ ስንት ጣሳ ውኃ ይይዛል እንደ ማለት ነው። 2000 የሚይዝ ድንጋይ በሰዓት 200 የሚጠጣ ባትሪ ውስጥ ቢገባ 10 ሰዓት ያበራል።

አሁን ልብ በሉ። ከጅቡቲ የሚመጣ ዕቃ በቃሊቲ ጉምሩክ በኩል አልፎ መርካቶ ይገባል፤ ከመርካቶም ወደ ገጠር ገበያ ይወርዳል። ከጥሩው ጋር አስመስለው የሠሩትም አብሮ ይሄዳል። አውራ ጣት የሚያህለው የተለመደው የሊቲየም ድንጋይ ውፍረቱ 18፣ ቁመቱ 65 ሚሊ ሜትር ነው። ጥሩው ከ2000 እስከ 3500 ይይዛል፤ ቢበዛ 4000 ገደማ ነው። 9900 ተጽፎበት ካያችሁ ውሸት ነው፤ ላም አለኝ በሰማይ ነው። በእጃችሁም መዝኑት፤ ጥሩው 45 ግራም ያህል ይመዝናል። ላባ የቀለለ ከሆነ ተዉት።

፭. አያያዝ

የሚጣለውን ድንጋይ ቻርጅ አታድርጉ፤ ያፈሳል፣ ሊፈነዳም ይችላል። የደከመውን ድንጋይ ፀሐይ ላይ ማስጣት ለጥቂት ጊዜ ብልጭ ቢያደርገውም ዕድሜ አይቀጥልለትም። አሮጌና አዲስ ድንጋይ አታደባልቁ። ለረጅም ጊዜ የማትጠቀሙበት ከሆነ ድንጋዩን አውጥታችሁ አስቀምጡ። ያበጠ የሊቲየም ድንጋይ አትብሱ፣ አትቀጥቅጡ፣ እሳት ውስጥም አትጣሉ። ያለቀ ድንጋይ ሰብሮ ጥቁሩን ዱቄት ለሰሌዳ ማቅለሚያ ማድረግ የተለመደ ነበር። ዱቄቱ ማንጋኒዝ አለበት፤ ልጆች እንዳይነኩትና እንዳይተነፍሱት ተቆጣጠሩ። ያለቀውን ወንዝና ማሳ ውስጥ አትወርውሩት።

ወንድሞችና እህቶች፣ ማንበብ የማይችል ሰው ሻጩ የነገረውን ተቀብሎ ይሄዳል። እናንተ ግን ቁጥር ታነባላችሁ፤ ማባዛትም ታውቃላችሁ። ድንጋዩን ገልብጣችሁ የተጻፈበትን አንብቡ፣ አስሉ፣ ከዚያ በኋላ ገንዘባችሁን አውጡ። ለጎረቤታችሁም አንብቡለት።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በሳምንት 3 ድንጋይ የሚጨርስ ቤት በዓመት ስንት ድንጋይ ይገዛል?
2. 3000 የሚይዝ ድንጋይ በሰዓት 300 በሚጠጣ ባትሪ ውስጥ ስንት ሰዓት ያበራል?
3. 9900 የተጻፈበት የሊቲየም ድንጋይ ለምን አይታመንም?