በስኪ ስለ መሄድ ጥበብ

በኖርዌይ አገር በብርድ ወራት እንደ ተነደፈ ጥጥ የለሰለሰ በረዶ ምድሩን ይሸፍናል። በተራ ጫማ የሚሄድ ሰው እስከ ጉልበቱ ይሰጥማል። ስለዚህ የአገሩ ሰዎች ከጥንት ጀምረው ስኪ የሚባለውን ረጅምና ጠባብ ሳንቃ ከጫማቸው በታች ያስራሉ፤ ክብደታቸው በሳንቃው ርዝመት ሁሉ ስለሚከፈል አይሰጥሙም። የሚታሰረው የጫማው ጫፍ ብቻ ነው፥ ተረከዙ ነጻ ነው። ሂያጁም በአንድ እግሩ እየገፋ በሌላው እየተንሸራተተ፥ በሁለት በትር እየተደገፈ ይገሠግሣል።

በ1888 ዓ.ም. (በአውሮፓ አቆጣጠር) ናንሰን የተባለው የኖርዌይ ሊቅ ከአምስት ባልንጀሮቹ ጋር የግሪንላንድን ታላቅ በረዶ በስኪ ለመሻገር ተነሣ። ከርሱ በፊት የሞከሩት ሰው ከሚኖርበት ከምዕራብ ጠረፍ ጀምረው፥ ችግር ሲጸናባቸው ተመለሱ። ናንሰን ግን ሰው እምብዛም ከማይገኝበት ከምሥራቅ ጀመረ፤ ከኋላው የሚጠብቀው መንደር ስላልነበረ መዳኛው በፊቱ ብቻ ነበረ። ከ40 ቀን ያህል በኋላ በረዶውን ጨረሱ፤ ስድስቱም በሕይወት ወደ ምዕራቡ ጠረፍ ደረሱ።

ይሁን እንጂ ናንሰን ስኪን ከልጅነቱ የለመደ ሰው ነበረ። ያልለመደ ሰው እንዲህ ቢደፍር በበረዶው ላይ በቀረ ነበር። እንግዲህ መምህር ለልጆች ድፍረቱን ሲተርክ፥ ልምምዱን አስቀድሞ ይንገራቸው።